የሁዳዴ ናፍጣ

ንፋስ መውጫ ኬሚስትሪ ሳስተምር አርፌ መቀመጥ አቃተኝና፣ ለአጎቴ ወፍጮ ከሆቴሎች የጥብስ ዘይት ትራፊ እየለመንኩ ናፍጣ መሥራት ጀመርኩ። ዘይቱን ከአልኮልና ከኮስቲክ ሶዳ ጋር አዋህደዋለሁ። ውሃ ከሩቅ በአህያ ስለሚመጣ ግን በውሃ አላጥበውም፤ ሰጋቱራ በጠቀጠቅኩባቸው ሁለት ረጃጅም ቱቦዎች አሳልፈዋለሁ። ሲዋሃድ የሚፈጠረውን ሳሙናና ቆሻሻውን ሰጋቱራው ያስቀረዋል።

ወፍጮው እንደ ጉድ ተነሣ። ጭሱ ግን ጥብስ ጥብስ ይሸታል፣ ያውም በሁዳዴ! ሴቶቹ እህላቸውን ሳያወርዱ አህዮቻቸውን መለሱ።

«የጾም ዱቄት በሥጋ ጭስ አናስፈጭም!»

አጎቴ አኩርፎኝ ዋለ። ቢቸግረኝ የድጓ መምህሩን የኔታን ለምኜ አመጣኋቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ከቱቦው የሚንጠባጠበውን ናፍጣ ብዙ ተመለከቱ።

«ዱቄቱን ይነካዋል?»

«ኧረ በፍጹም የኔታ! እዚያው ሞተሩ ውስጥ ተቃጥሎ ነው የሚያልቀው።»

ወጡና ሴቶቹን «አስፈጩ፤ ጭስ አያስገድፍም» አሏቸው። አህዮቹ ተመለሱ፣ አጎቴም ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ የኔታ በየቀኑ እየመጡ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ሥራዬን ሊባርኩልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። እንዳላሳፍራቸው ብዬ ሽታውን እንዲቀንስልኝ ሦስተኛ ቱቦ መግጠም ስጀምር አዩኝ።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የጥብሱን ሽታ እንዲያጠፋልን ነው፣ የኔታ።»

ግራ ቀኙን አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሽታው ምን አደረገህ ልጄ? ፋሲካ እኮ ገና አንድ ወር ይቀረዋል።»