ባለቤቴ ራዲዮ የመረጠበት በጋ

እኔን ለማጨት ሦስት ቀን የበቃው ሰውዬ፣ ራዲዮ ለመምረጥ አንድ በጋ ሙሉ ፈጀ። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ፊት ለፊቱም ብዬዋለሁ። «ሚስት ስትመርጥ እንዲህ ተጠንቅቀህ ቢሆን ኖሮ ማንን ታገባ ነበር?» ስለው፣ ሪሞቱን ከእጁ ሳያወርድ፣ «ሚስት አንድ ጣቢያ ናት፣ ያውም የማይጠፋ፤ ጣጣው የራዲዮ ነው» አለኝ።

ባለቤቴ ትራክተር ነጂ ነው። እዚህ ሱዳን፣ ከገዳሪፍ ወደ ሀዋታ በሚወስደው ሜዳ ላይ የሰውን ሰሊጥና ማሽላ እያረሰ ሃያ ክረምት አሳልፏል። እኔ ደግሞ እቤቴ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ ላገሬ ሰው እሸጣለሁ። እሱ ግን የሚታወቀው በትራክተሩ ሳይሆን በዘፈኑ ነው። አገር ቤት አዲስ ዘፈን ሲወጣ ገዳሪፍ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። በካሴቱ ዘመን ገላባት ድረስ ወርዶ ከመተማ የሚሻገሩትን የጭነት መኪና ሹፌሮች ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ፍላሽ መጣ፣ ከዚያ ስልክ መጣ፤ ሁሉንም ቀድሞ ያዘ። ሰሊጥ አጫጆቹ ካገር ሲመጡ፣ ያገራቸውን አዲስ ዘፈን የሚያሰማቸው እሱ ነው። «ኧረ እኛ እንኳ ይሄን አልሰማነውም!» ሲሉት ደስታው ሌላ ነው፤ ያን ቀን ወጥ ቢያርም ምንም አይለኝም።

የካርቱሙ ጦርነት ሲመጣ ሸበካው ጠፋ። ሸበካ የምንለው የስልኩን ኔትወርክ ነው። መጣ ሲሉት ይሄዳል፤ አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ስልኩ የእጅ ባትሪ ሆኖ ይቀራል። እንኳን ዘፈን ሊያወርድ፣ እናቱ ደህና መሆኗን ለማወቅም መከራ ሆነበት። ያኔ ነው ጎረቤታችን ሐጂ «አንተ ሰው፣ የሳተላይት ራዲዮ አስገባና እረፍ» ያሉት። ሐጂ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ገበያው ውስጥ ዲሽ፣ ሪሲቨርና ሶላር ይሸጣሉ። ምክራቸው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ያደርሳል፤ ግን ደግ ሰው ናቸው።

አሁን አንድ ነገር ልናገር። የባለቤቴ ጆሮ እየሄደ ነበር። የትራክተሩ ጢስ ማውጫ በቀኙ በኩል ነው፤ ቀኝ ጆሮው ጭራሽ ደንቁሯል፣ ግራውም እሱን እየተከተለ ነው። እሱ ግን አያምንም። በሱ ቤት የተበላሸው የሰው አፍ ነው፤ «የዘንድሮ ሰው ማንሾካሾክ ለመደ» ይላል። ገበያው ሁሉ ያወራል፣ እሱ ብቻ አልሰማም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ የሱ እጥፍ ባዳ ሆነበት። አንድ ቀን ሐኪም ብዬ ባነሳ «መጀመሪያ ያንቺን ምላስ ይይልሽ» አለኝ። የጆሮ መሣሪያ ይገኝ የነበረው ካርቱም ነው፤ ካርቱም ደግሞ ራሷ ፍራሿን ተሸክማ እኛ ዘንድ መጥታለች።

ጨዋታችን ቢቀር ግድ አልነበረኝም፤ እኔ ለሁለታችንም የሚበቃ አፍ አለኝ። የፈራሁት ለዘፈኑ ነው። ከዚህ ሰውዬ ላይ አዲስ ዘፈን ከተወሰደ ምን እንደሚተርፈው አላውቅም ነበር። ከሥራ ሲገባ ተቀምጦ ዝም ብሎ ግድግዳ ማየት ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ራዲዮ ሲባል ከሱ ይልቅ የጓጓሁት እኔ ነኝ፤ የሚሰማው ድምፅ ይገኝለት እንጂ ሰማይ ላይ ያለውን ሳተላይት ሁሉ ብንሞክር ፈቃዴ ነበር።

መጀመሪያ የሞከርነው ባለካርዱን ነው። በየወሩ ካርድ እየሞሉ የሚሰሙት ነው፤ ሐጂ ለሙከራ አንድ ሳምንት ሰጡን። ዘፈን ብቻ የሚያሰሙ ጣቢያዎች መዓት ናቸው፤ የሕንዱ፣ የቱርኩ፣ የፈረንጁ፣ የት አገር እንደሆነ እግዜር የሚያውቀው። ባለቤቴ ከቴሌቪዥኑ ፊት በርጩማ ስቦ ተቀምጦ፣ ግራ ጎኑን አስጠግቶ፣ አንድ በአንድ ፈተናቸው። ፊቱን ላየው ሰው ዳኛ ነው የሚመስለው። በሳምንቱ መጨረሻ «ድምፁ ጭቃ ነው» ብሎ ፈረደ። ሐጂ ሳጥናቸውን አቅፈው ወጡ።

ቀጥለን የዐረቦቹን ሳተላይት ያዝን። ዲሹ ወደ ምዕራብ ዞረ፤ የሱዳኑ፣ የግብፁ፣ የባሕረ ሰላጤው ራዲዮ ያለ ካርድ በነፃ ይገባል። እሱ የሱዳን ዘፈን ነፍሱ ነው፤ ድሮ ከሱዳን ሹፌሮች ጋር እኩል ያጨበጭብ ነበር። አሁን ግን ጥቂት ቀን አዳምጦ «ከበሮው ይበዛል፣ ዘፋኙ ይርቃል» አለ። እኔም አላስቻለኝ፣ «ዘፋኙ ካርቱም ነው ያለው፣ ታዲያ ወዴት ይቅረብልህ?» አልኩት። አልሰማኝም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ። ይህ ደግሞ የደንቆሮ ባል ጥቅሙ ነው፤ የፈለገውን ብቻ ይሰማል።

ሦስተኛው ያገር ቤቱ ሳተላይት ነው። እሱን ለመያዝ ዲሹ መዞር አለበት፤ አቅጣጫ የሚያውቀው ሠራተኛ ደግሞ ከሐጂ ሱቅ ወጥቶ ወደ ፖርት ሱዳን ሄዷል። ሐጂ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ራሳቸው ቆርቆሮው ላይ ወጡ። ባለቤቴ ከታች መሰላል ይዟል፣ እኔ ከውስጥ ሆኜ የቴሌቪዥኑን ማሳያ አያለሁ።

«ሐጂ፣ ወዴት ነው የሚያዞሩት?» ብዬ ጮህኩ።

«ወደ ጎንደር ነዋ!»

«ኧረ ሐጂ፣ በሞቴ! ሳተላይቱ ሰማይ ላይ ነው እንጂ ጎንደር አራዳ ተቀምጧል እንዴ?»

«ዘፈኑ ከየት ነው የሚመጣው? ካገር አይደለም? ታዲያ ፊቱን ወዳገሩ ማዞር ነው። አንቺ ልጅ ነገር ታበዢያለሽ!»

ሐጂ ካገራቸው ከወጡ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጎንደር በየት በኩል እንደሆነች ግን ዓይናቸውን ቢጋርዷቸው እንኳ አይስቱም። በገላባት መንገድ አሻግረው እያዩ፣ ዲሹን ወደ አገራቸው አዙረው ብሎኑን ጠበቅ አደረጉት። እኔ ሆዴን ይዤ ስስቅ፣ ማሳያው ላይ ያለው ቀይ መስመር አረንጓዴ ሆነ። ወዲያው አማርኛ ተሰማ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። በኋላ ሳጣራ ሳተላይቱ የቆመው ለካ በዚያው በጎንደር አቅጣጫ ኖሯል። ይህን ግን ለሐጂ አልነገርኳቸውም፤ ያለሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ መሐንዲስ ሆነው ቀርተዋል።

አገር ቤት ከሚያሰሙት መካከል ሁለት የዘፈን ጣቢያዎች ጥርት ብለው ይገባሉ። አንደኛው ትናንት የወጣውን ሁሉ ያሰማል፤ አቅራቢዋ አፏ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው። ሁለተኛው የሚያሰማው አሮጌውን ነው። እኔ «እሰይ፣ አዲስ ዘፈንህ መጣልህ!» ብዬ የመጀመሪያውን ከፈትኩለት። ጥቂት አዳመጠ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ ወደ ሁለተኛው ቀየረው። በነጋታው እንደገና ብከፍትለት እንደገና ቀየረው። በዚያው ቀረ።

እኔ ደግሞ አፌ መቼ ያርፋል? ይህ ሰውዬ ድሮ «ዘፈን በኛ ጊዜ ቀረ» የሚሉትን ሽማግሌዎች እያስመሰለ ሲያስቀን የኖረ ሰው ነው። «አረጀህ!» አልኩት። «ከዘራ ላምጣልህ? ሻሽ ልጠምጥምልህ?» ደንበኛ በመጣ ቁጥር እያሳየሁ ቀለድኩበት። እሱ ፈገግ ይልና ከራዲዮው ጋር ይዘፍናል። አንድም ቃል አይስትም፤ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ከፍ ያደርጋል፣ ዝቅ ሲያደርግ ዝቅ ያደርጋል። በልቤ ግን ደስ ብሎኛል። ይሰማል ማለት ነው፣ ጆሮው ተመልሶለታል ብዬ ማርያምን አመሰገንኩ። ሱቃቸው ድረስ ሄጄ «ሐጂ፣ ያ ሪሲቨርዎ እኮ መድኃኒት ሆነ» ብዬ ነገርኳቸው። ሐጂም «ወላሂ፣ ዕቃዬ አያሳፍርም» አሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እሱ ዳስ ሥር፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ፣ የትራክተሩን ማጣሪያ በጋዝ እያጠበ ነው። በሩ ክፍት ነው፣ ራዲዮው ይዘፍናል፣ እሱም ይዘፍናል። ከስደተኞቹ ካምፕ የመጣች ደንበኛዬ በርበሬ ልትገዛ ገባች። የምትለው አልሰማ ሲለኝ ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን አጠፋሁት።

እሱ መዝፈኑን ቀጠለ።

መሲንቆው ብቻውን በሚጫወትበት ቦታ ዝም ብሎ ጠበቀ፤ ራሱን እየነቀነቀ። ከዚያ ልክ በቦታው ገባ። ስንኙን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ተሻገረ። ደንበኛዬ «ራዲዮናችሁ እሱ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ፤ ከዚያ ራዲዮው መጥፋቱን እንዳልሰማ ገባኝ። በርበሬውን እንዴት እንደሰፈርኩላት አላስታውስም፤ ጨምሬላት ይሆናል፣ እየመረቀችኝ ነው የሄደችው።

ሄጄ በግራው በኩል ተቀመጥኩ።

«ራዲዮው ጠፍቷል» አልኩት።

«አሁን?»

«አሁን አይደለም። በርበሬ ስሰፍር ነው ያጠፋሁት። ሦስት ዘፈን ብቻህን ዘፈንክ።»

ማጣሪያውን ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብሎ፣ «እንግዲህ ካወቅሽ አወቅሽ» አለኝ። «አሮጌውን የምከፍተው ወድጄ ይመስልሻል? አሮጌውን አውቀዋለሁ። ጆሮዬ የጣለውን ልቤ እያነሳ ይሞላልኛል። አዲሱ ሲሆን የምሞላበት ከየት ይምጣ? ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው የሚሆንብኝ። ካሁን በኋላ አዲስ ዘፈን የለኝም።»

አለቀስኩ ብል ውሸት ነው። ተናደድኩ። በትራክተሩ ተናደድኩ፣ በጢስ ማውጫው ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ በጋውን ሙሉ «አረጀህ» እያልኩ ስስቅበት በከረምኩት በራሴ ተናደድኩ።

በማግስቱ እሱ ወደ እርሻው ሲወጣ ራዲዮውን ከፈትኩና ወደ አዲሱ ጣቢያ ቀየርኩት። ያቺ አፈ ፈጣን አቅራቢ አንድ ዘፈን ከወደደች አትለቅም፤ በቀን ሦስቴ አራቴ ታስደግመዋለች። በርበሬዬን እየነፋሁ፣ አጠገቤ ደብተር ዘርግቼ፣ በየጊዜው አንድ አንድ መስመር ያዝኩ። ደብተሩ ቀይ በቀይ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ዘፈኑ ሙሉ በሙሉ እጄ ገባ። ድምፄን ማንም አይመኘው፤ ወንፊቱ ራሱ ከኔ ይሻላል። ግን እኔ ዘፋኝ መሆን አልፈለግሁም፤ ተሸካሚ ነኝ።

እሱ ገብቶ እግሩን ሲታጠብ በግራው ተቀመጥኩና ጉልበቱን እየመታሁ ጀመርኩ።

«ወንዝ ማዶ ቆሜ ብጠራሽ በስምሽ፣
ነፋሱ ቀደመኝ ደረሰ ከደጅሽ።»

«ምን ነካሽ? ጠጥተሻል?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ያዝ! አዲስ ነው። በል ድገም።»

«አፈር ስሆን» ብዬ ለመንኩት፤ አንዴ በቁጣ፣ አንዴ በልመና። መጀመሪያ አፈረ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ደገመው። «ድምፅሽን ግን ለጠላቴ» ማለቱን አልተወም። አራት ቀን ቃሉን አስያዝኩት፤ ዜማው የት ላይ እንደሚወጣ እጄን እያነሳሁ፣ የት ላይ እንደሚወርድ እጄን እያወረድኩ፣ መሲንቆው የሚገባበት ላይ ደግሞ አፉን በመዳፌ እየያዝኩ።

አምስተኛው ቀን አርብ፣ የሱዳን የዕረፍት ቀን ነበር፤ እርሻ የለም። አቅራቢዋ ዘፈኑን ከፈተችው። እሱ በርጩማውን ስቦ ተጠጋ። መግቢያው ላይ ፊቱ እንደ በፊቱ ተቋጠረ። «ወንዝ ማዶ» የሚለው ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጣቱ ጉልበቱን መታ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ከዘፋኙ ጋር አብሮ ገባ፤ አንድ ጊዜ ቀደመው፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ ቀረ፣ ደግሞም አገኘው። ሲያልቅ ወደኔ ዞሮ፣ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ፣ «ይሄ ልጅ ጥርት አድርጎ ይዘፍናል እኮ!» አለኝ።

ሐጂ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ በራችን ላይ ቆመው ሰምተው ኖሯል። ጫማቸውን እያወለቁ ገቡና፣ «ይሄ ደግሞ የማነው? እኔ አልሰማሁትም፤ ከየት አገኛችሁት?» አሉ።

ባለቤቴ ጥያቄውን ከከንፈራቸው አነበበ መሰለኝ። ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «አዲስ ነው ሐጂ! ገና መውጣቱ ነው። ያገኘሁት እኔ ነኝ» አላቸው።

ሐጂ ወደኔ አዩ። የበርበሬው ደብተር ጭኔ ላይ ተዘርግቷል። አፌን ከፈትኩ፤ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ የቀልድ ምቹ ጊዜ አግኝቼ ያለፍኩበትን አላስታውስም።

«እሱ ነው ያገኘው» አልኩ፣ በግራ ጆሮው በኩል፣ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።