በሐሰን ስም የገባው

ዛሬ ጠዋት አዋሽ ባለው ቢሮዬ ኮምፒውተሩ አላስገባም አለኝ። አንዱን የይለፍ ቃል ከሌላው ጋር አምታትቼ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ዘሪቱ «ጋሼ ግርማ፣ እርስዎም ይረሳሉ?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ስሜን በተዘጋው ስክሪን ላይ ብቻውን ሳየው ሰመራ ትዝ አለችኝ።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወጥቼ ሰመራ በአንድ የመድኃኒት መጋዘን የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። ባለሙያ ይባል እንጂ ሥራዬ በአብዛኛው የይለፍ ቃል ማደል ነበር። አንድ ሠራተኛ አምስት ነበረው፤ ለኮምፒውተሩ አንድ፣ ለኢሜይሉ ሌላ፣ ለየመዝገቡ ደግሞ ሌላ። እሱም በየወሩ ይቀየራል። ሰዉ መዳፉ ላይ ይጽፈዋል፣ ላቡ ያጠፋዋል፣ ከዚያ እኔ ዘንድ ይመጣል። እቆጣለሁ። ልጅነት ነው፤ የሰው መርሳት ንቀት ይመስለኝ ነበር።

የማይረሳው ሐሰን ብቻ ነበር። የባቲ ልጅ ነው፤ የክትባት ማቀዝቀዣዎቹን የሚጠብቀው እሱ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሎጊያ ትኩስ ሙፎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣልኛል፤ የዚያ ቂጣ ሽታ እስከ ረፋድ ጠረጴዛዬ ላይ ይቆይ ነበር። በሐምሌ መጀመሪያ እህቱን ሊጠይቅ ወደ አዋሽ ሲሄድ የተሳፈረበት መኪና አዳይቱ አካባቢ ተገለበጠ። አዋሽ ቀበርነው።

ምትኩ እስኪመጣ የማቀዝቀዣዎቹን ሙቀት ጠዋትና ማታ እያነበብኩ እንድመዘግብ ታዘዝኩ። የቀትሩን ማንም አላነሳውም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ከቀብሩ በሳምንቱ፣ እስከዚያ የራሴን ብቻ ሞልቼ የምዘጋውን መዝገብ ሳነብ አንድ መስመር አየሁ። «ሐሰን ይማም፤ ሰባት ሰዓት ከአሥር፤ አራት ዲግሪ።» ወደ ላይኞቹ መስመሮች ሄድኩ። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ በየቀኑ አለ። ጀርባዬ ላይ ያለው ላብ ቀዘቀዘ።

የሰመራን የሐምሌ ቀትር ላላየ ሰው መንገር ይቸግራል። ደጋው በዝናብ ሲረሰርስ እዚያ ነፋሱ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ነው። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ቢሮ ይዘጋል፤ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። ጥቁሩ የድንጋይ ሜዳ በወበቁ ይንቀጠቀጣል፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው መሬት ሳይረግጥ የሚሄድ ይመስላል። በዚያ ሰዓት የሚጽፍ ማን ነው?

በማግስቱ ምሳዬን ትቼ ኮሪደሩ ውስጥ ቆምኩ። ሰባት ሰዓት ሲያልፍ ከሐሰን ክፍል ዝቅ ያለ ድምፅ ሰማሁ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐሰን።»

ቀጥሎ ፊደል የመምታት ድምፅ መጣ፤ እየቆየ፣ አንድ በአንድ። እንደምንም ሄጄ በሩን ገፋሁት። ማንም የለም። ስክሪኑ በርቷል፣ ስሙ ላዩ ላይ አለ፣ ወንበሩ ገና ቀስ ብሎ ይዞራል። የጓሮው በር ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ወጥቶ ለማየት ግን ወኔ አልነበረኝም። ወደ ክፍሌ ሮጬ የሐሰንን ስም ከነይለፍ ቃሉ ዘጋሁት። «ይቅር በለኝ» ማለቴን አስታውሳለሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ አሁንም በቀትር፣ ሎጊያ የተከራየሁት ቤት በር ተንኳኳ። ፋጡማ ነበረች፤ የመጋዘኑ የጽዳት ሠራተኛ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ የአፋር ሴት። ሻሿ አቧራ ለብሷል።

«ሐሰንን የዘጋኸው አንተ ነህ?» አለችኝ።

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«ትናንት እንቢ አለኝ። ዛሬም እንቢ አለኝ። ሁለተኛው ፍሪጅ ሰባት ዲግሪ ገብቷል። ተነስ!»

ከስምንት ዲግሪ ካለፈ ክትባቱ ይበላሻል። ለዱብቲ የኩፍኝ ዘመቻ የተዘጋጀው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። በባጃጅ እየበረርን ነገረችኝ። ቀትር ላይ መብራት ስለሚቆራረጥ ሐሰን ቁጥሩን ማንበብና መመዝገብ አስተምሯታል፤ የይለፍ ቃሉንም ሰጥቷታል። እሱ ሲሞት ዝም ብላ ቀጠለች። ኮምፒውተር ስትነካ ከተገኘች የምትባረር መስሏት፣ የእግሬን ኮቴ ስትሰማ በጓሮ ወጥታለች።

«ታዲያ የሞተ ሰው ሰላም ይባላል?»

«በእሱ ስም ነው የምገባው። አንተ የሰው ቤት ሰላም ሳትል ትገባለህ?»

ስንደርስ ሙቀቱ ሰባት ዲግሪ ተኩል ሆኗል። የበረዶው ጥቅል የት እንዳለ፣ የትኛው ፍሪጅ ቦታ እንዳለው ከእኔ በላይ ታውቅ ነበር። አንድም ብልቃጥ ሳይበላሽ አዛወርነው።

«ሐሰን ለእኔም አንድ የይለፍ ቃል እንድታወጣልኝ ሁለት ጊዜ ጠይቆህ ነበር» አለች ላቧን እየጠረገች።

አስታወስኩ። «ያሉትን መያዝ ያቃታቸው ይበቁኛል» ብዬ መልሼው ነበር። ለማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩትም።

ለኃላፊያችን ሁሉንም ነገርኩት። የተቆጣው እኔን ነው፤ ደግ አደረገ። በዚያው ሳምንት ለፋጡማ በራሷ ስም የይለፍ ቃል አወጣሁላት።

ይህን ሳወራ ሰዎች «ጂን መስሎህ ነበር?» ይሉኛል። አዎ፣ መስሎኝ ነበር። ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ሳስበው ግን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ፋጡማ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠረጴዛዬን ስትወለውል በየቀኑ አያት ነበር። የተቀበረ ሰው ተነሥቶ ይጽፋል ብዬ ለማመን አንድ ቀትር በቃኝ፤ እሷ መጻፍ ትችላለች ብዬ ግን አንድም ቀን አላሰብኩም።