እትዬ አስካለ ጀልባ ላይ

ሰመር ሲመጣ ከካልጋሪ ወጣ ብሎ ባለ ሐይቅ ላይ በትንሽዬ ጀልባዬ ሰው አስጎበኛለሁ። አንድ ቅዳሜ ሳራ የምትባል ልጅ እናቷን እትዬ አስካለን ለልደታቸው ከሬድስቶን ሰፈር ድረስ ይዛቸው መጣች። "አንቺስ አትገቢም?" ብላት፣ "እኔ ከዚህ ሆኜ ቪዲዮ አደርጋለሁ" አለችኝ።

ገና ከመነሳታችን እትዬ አስካለ ክንዴን ጨመደዱት። ወደ ልጃቸው እየሳቁ ጥፍራቸው ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል።

"ልመልስዎት?" አልኳቸው።

"ተው ልጄ! የሥራ ሺፍቷን ቀይራ ነው ያመጣችኝ። ዝም ብለህ ከዓይኗ ሰውረኝ።"

አንጀቴ አልቻለም። ከጥዶቹ ጀርባ ዞሬ ጀልባዋን ዳር አስያዝኩና አወረድኳቸው። ሰዓቱ እስኪሞላ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ዳቦ ቆሎ እያበሉኝ ስለ ጉልበታቸው ሕመም አጫወቱኝ። ልንመለስ ስንል፣ ነገሩ እንዲያምርልን ትንሽ ውሃ ረጨት አደረግኩባቸው።

"እንዴት ነበር እማዬ?"

"ገነት ነው ልጄ! መውረድም አላሰኘኝ!"

ሳራ እንባዋ መጣ። ወደ ጎን ሳብ አድርጋኝ፣ "እውነቱን ልንገርህ፣ የቀረሁት ውሃ በጣም ስለምፈራ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። "ግን እንዲህ ከወደደችው፣ ፍርሃቴን ችዬ አብሬያት እገባለሁ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለታችንንም ቡክ አድርገን።"

ቅዳሜ ደረሰ። እናት ቀኝ ክንዴን፣ ልጅ ግራ ክንዴን ጨምድደው ይዘው፣ እርስ በርሳቸው እየተያዩ ፈገግ ይላሉ። እሺ፣ መሪውን ማን ይያዝ?