የታሰረችው መርፌ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ጋሽ ነቢዩን የማያውቅ ሰው “ለአንዲት አሮጌ ዕቃ ይህን ያህል?” ይለኛል። ነገሩን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ጋሽ ነቢዩ ካርቱም ውስጥ፣ በአንድ የጭነት መኪና ኩባንያ፣ ዕድሜውን ሙሉ የመገናኛ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እኔ ስለሺ የዚያው ኩባንያ ሾፌር ነኝ። ስልክ በማይሠራበት በረሃ ከሰው ጋር የሚያገናኘን ያ ሬዲዮ ብቻ ነበር። ጋሽ ነቢዩ ደግሞ በመፈተሻው ሳይለካ አንድም ሬዲዮ መኪና ላይ አይሰቅልም። መፈተሻዋ ግራጫ የብረት ሣጥን ናት፤ ፊቷ ላይ፣ ከመስታወት ሥር፣ ቀጭን መርፌ አለች። ሬዲዮውን ይሰካባትና የመናገሪያውን ቁልፍ ይጫናል። መርፌዋ ከፍ ካለች ድምፃችን ሩቅ ይሄዳል፤ ካልተነሳች አይሄድም።

“ያላ፣ ጋሽ ነቢዩ! ደህና ይሠራል አልኩህ እኮ!” እያልኩ ስነዘንዘው ቀና ብሎም አያየኝም።

“አንተ ብትዋሸኝ እሷ አትዋሸኝም።”

አንድ ጠዋት እንዲህ አስቁሞኝ ስሰድበው አረፈድኩ። በዚያው ጉዞ መኪናዬ አሸዋ መሃል ተሰበረች። ውሃዬ ሊያልቅ ሲል ድምፄን ሰምተው የደረሱልኝ በዚያ ሬዲዮ ነው። ከዚያ ወዲህ መፈተሻዋን በክፉ ዓይን የሚያይ ሰው ጠላቴ ነው።

በኋላ ቁጥር የሚጽፉ አዳዲስ መፈተሻዎች መጡ። ጋሽ ነቢዩ ይሠራባቸዋል እንጂ አይወዳቸውም። “ቁጥር ውጤቱን ብቻ ይነግረኛል። መርፌ ግን ስትንቀጠቀጥ የሬዲዮውን ሕመም ታሳየኛለች” ይል ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ ሁላችንም ከሰፈራችን ከካላክላ ወደ ገዳሪፍ ሸሸን። ጋሽ ነቢዩ ከመውጣቱ በፊት፣ ፍንዳታው እንዳይጎዳት ብሎ፣ ከመርፌዋ ጀርባ ባሉት ሁለት ብሎኖች ላይ ቁራጭ ሽቦ አሰረ። እንዲህ ስትታሰር ሣጥኗ ብትንገጫገጭም መርፌዋ አትወራጭም፣ አትሰበርም፤ ሽቦው እስኪፈታ ግን ምንም ብትለኩባት አትነሳም። የድሮ ጠጋኞች ዕቃ ሲያጓጉዙ ሁሌም የሚያደርጉት ነው። “አስተኛኋት” አለኝና ሹራቡን አልብሶ በኩባንያው ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጣት።

በስደት ሳለን ስለ ቤቱ ሲያወራ አልሰማሁም፤ ስለ እሷ ግን አፉ አይዘጋም። ኩባንያው እንደገና ሲከፈት ሥራ አስኪያጁ አብዱልወሃብ ወደ ሥራ ተመለስ ሊለው ደወለለት። ጋሽ ነቢዩም “እኔ አርጅቻለሁ፣ ልመለስ አልችልም። መፈተሻዬን ብቻ ስጡኝ” አለው።

“ኢንሻላህ፣ ያ ኡስታ! ያንተው ናት!” አለው፤ ጠጋኝን ሁሉ “ኡስታ” ነው የሚለው።

ያንን ቃል ይዘን ካርቱም ገባን። አብዱልወሃብ ወንበሩ ላይ እንደተንጋለለ “ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ያ ኡስታ። ከመስጠታችን በፊት ሞክረናት ነበር፤ ኸርባን ናት፣ ተበላሽታለች፣ መርፌዋ ሞታለች። የተሰበረ ዕቃ ልሰጥህ አፍሬ ከቁርጥራጭ ብረቱ ጋር ለኹርዳ ነጋዴዎች ሰጠናት” አለ።

“ሽቦውን ፈታችሁ ነው የሞከራችኋት?”

“የምን ሽቦ?”

እኔ ላንቀው ተነሳሁ፤ ጋሽ ነቢዩ እጄን ያዘኝ። አንተ አብዱልወሃብ፣ የጋሽ ነቢዩ ቁጥር ስልክህ ውስጥ አለ! “አልነሳ አለች” ብለህ ብትደውልለት ምን ይጎድልብሃል? ይህን ሁሉ ዓመት ለሠራ ሰው አንዲት ጥያቄ ነፈጉት!

ኦምዱርማን ገበያ፣ ኹርዳ የሚሸጥበት ድረስ ሄድን። ሣጥኗ ተጨፍልቃለች። መዳቡ ተቦጭቆ ወጥቷል። ጋሽ ነቢዩ በጉልበቱ ተንበርክኮ ብረቱን ሲያገላብጥ ቆየና መርፌዋን ከነመስታወቷ አወጣት። ሽቦው እንደታሰረ ነበር።

የእጅ ባትሪዬን ተቀብሎ አንዱን የባትሪ ድንጋይ አወጣ። ሽቦውን ፈታ። የድንጋዩን ታች በአንዱ ብሎን ላይ አሳርፎ፣ በአንድ እጁ ጣት የድንጋዩን ራስ፣ በሌላው ደግሞ ሁለተኛውን ብሎን ነካ። ኤሌክትሪኩ በገዛ ሰውነቱ ውስጥ አልፎ መርፌዋ ቀስ ብላ ተነሳች።

“ወላሂ፣ ሸጋል! ትሠራለች!” አለ ኹርዳ ሻጩ።

እኔ አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው። “አምጣት፣ ጋሽ ነቢዩ! አሁኑኑ ወስጄ አብዱልወሃብ ፊት አስነሳታለሁ!”

ወደ ካላክላ የሚሄደው አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ ጋሽ ነቢዩ ሽቦውን ከመሬት አነሳና መልሶ አሰራት።

“መንገዱ ያንገጫግጫል” አለኝ።