የዋጃን ፓምፕ ከመስመር ያወጣችው ፈሪሀ

ፈሪሀ አብዱሰመድ ኮምፒውተር አጥንታ ወደ ተወለደችበት ቆቦ ስትመለስ ሥራ ያገኘችው አንድ የመስኖ ማኅበር ዘንድ ነበር። ማኅበሩ በቆቦ፣ በሮቢትና በዋጃ ያሉትን የጉድጓድ ፓምፖች ከቢሮ ሆኖ በኔትወርክ ያዛል። ዕቃው ግን ከየቦታው የተቃረመ ነው። ራውተሩ ከአንድ ፕሮጀክት፣ የሮቢቱ መቆጣጠሪያ ከሌላ እርዳታ፣ የዋጃው አንቴና ደግሞ ከነጋዴ የተገዛ፤ የአንዱ ፋብሪካ ዕቃ ከሌላው አይገጥምም። ዕቃው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ፓስወርድ እንኳ የቀየረ ሰው አልነበረም።

ፈሪሀ መጀመሪያ እሱን ቀየረች። ከዚያ የየፋብሪካውን ድረ ገጽ እየከፈተች፣ የትኛው ዕቃ ላይ ለሰርጎ ገብ የሚመች ቀዳዳ እንደተገኘ መከታተል ጀመረች። ትዕግሥቷ ይደንቅ ነበር። ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠባት ቀዳዳውን የሚደፍነውን መጠገኛ ፕሮግራም ታወርዳለች፤ በትርፍ ዕቃ ሳትሞክረውም ሥራ ላይ ባለው አትጭንም።

አንድ በጋ የዋጃው አንቴና ቀዳዳ እንዳለበት አነበበች። የፈለገ ሰው ከሩቅ ገብቶ ፓምፑን ሊያጠፋው ይችላል። መጠገኛ ብትፈልግ የለም፤ ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል። ቀጥ ብላ ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሄደች።

«አያ ፈንታው፣ የዋጃውን ከኔትወርክ መስመር ላወጣው ነው።»

«ሽንኩርቱ ውሃ ውሃ በሚልበት ሰዓት?»

«ፓምፑ አይቆምም፤ ጥበቃው በእጁ ያስነሳዋል። የቆቦንና የሮቢትንም ለየብቻ አጥራቸዋለሁ። አንዱ ጋ የገባ ወደ ሌላው እንዳይሻገር።»

«ገበሬው ይጮህብኛል እኮ፣ ልጄ።»

«እኔ ላይ ይጩህ። ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ሄደችም። ካሳ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ «ቆቦ ቁጭ ብለሽ ውሃችንን ልትዘጊብን!» ብለው ተቆጧት። አልተከራከረችም። ፓምፑ በእጅ ሲነሳ አብራቸው ቆማ አየች።

«የማናውቀው ሰው ከሩቅ ሆኖ ይህን ቢያጠፋብዎትስ?» አለቻቸው።

ካሳ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። ለብዙ ጊዜም ሰላምታቸው እንደ ቀዘቀዘ ቆየ።

ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ሲጀምር የሮቢቱ ፓምፕ ድንገት ቆመ። ሰርጎ ገብ መቆጣጠሪያውን ይዞታል። የገባበትን ቀዳዳ ፋብሪካው ራሱ ገና አላወቀውም። ፈሪሀ ክው አለች። ቶሎ ብላ የቆቦውን ስታይ ግን ይሠራል፤ አጥሩ ይዟል። ዋጃ ደወለች፤ እዚያም ውሃው እየፈሰሰ ነው።

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ሚኒባስ ተሳፈረች። ሮቢት ደርሳ መቆጣጠሪያውን ነቀለች፣ ፓምፑን በእጅ አስነሳች። ውሃው ቦዩን ሲሞላ ካየች በኋላ መቆጣጠሪያውን አጽድታ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጫነችበት፤ መጠገኛ እስኪገኝ ግን ወደ መስመር አልመለሰችውም። ለፋብሪካው ሰዎችም የሆነውን አንድ በአንድ ጻፈችላቸው፤ አመስግነው መጠገኛ ሠሩ።

ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ፈሪሀ ሳታየው ዕቃ አይገዛም። ነጋዴው የዕቃውን ጥራት ሲዘረዝር በትዕግሥት ታዳምጥና «ቀዳዳ ሲገኝበት እስከ መቼ ትጠግኑልናላችሁ?» ትለዋለች። አያ ፈንታውም አጠገቧ ተቀምጠው መልሱን ይጠብቃሉ።