ደም ሥሮቿ እምቢ አሉ ብዬ ነበር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ጭምር። ለእሳቸው የዘረዘርኳቸው ትንንሽ ኃጢአቶች ይህን ትልቁን መሸፈኛ ነበሩ። አንተ አንባቢ ነህ፤ ቀኖና አትሰጠኝም። የመረጥኩህም ለዚሁ ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ማብቂያ ካርቱም ውስጥ ስደተኛ ነበርኩ። አል-ጣኢፍ ለሚባለው የካርቱም ሰፈር ሀብታሞች የቤት ሠራተኛ አገናኛለሁ፣ አስተረጉማለሁ፣ ላስገባኋት ልጅ ሁሉ ዳሚን፣ ማለትም ዋስ እሆናለሁ። መጽሐፍ ስለማነብ የምኖርበት የሳጃና ሰፈር ሰው የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለውም ነበር። እኔም አይመስለኝም ነበር።

ዘይነብ አል-ጣኢፍ አንድ ቤት ያስገባኋት የወሎ ልጅ ነበረች። ሥጋ ስትከትፍ ጣቷን ቆረጠችና እጇ እስከ ክርኗ አብጦ ቀላ። እመቤቲቱ ልጇን ልትድር ሦስት ቀን ቀርቷት ነበርና አስጠራችኝ።

«ታማለች ወይስ ሥራ ሸሽታ ነው? ዳሚኗ አንተ ነህ» አለችኝ በዓረብኛ።

«ጋሼ፣ ወላሂ ብርድ ብርድ ይለኛል። ሐኪም ቤት እንዲወስዱኝ ይንገሩልኝ» አለችኝ ዘይነብ በአማርኛ።

እኔ ምን አልኩ? ለእመቤቲቱ፣ «ቀላል ነው፣ ትሠራለች» አልኩ። ለዘይነብ፣ «ከሠርጉ በፊት አይሆንም ብላለች፤ አብሽሪ» አልኩ። እመቤቲቱ መቼ ተጠየቀችና! የከለከልኩት እኔ ነኝ። ሠርግ የምታበላሽ ሠራተኛ አመጣ እንዳልባል ከለከልኩ።

በሠርጉ ማግስት ሆስፒታል ስናደርሳት የእጇ ትርታ በጣት አይገኝም ነበር። ሐኪሙ ሳይደብቅ ነገረኝ። «ቁስሉ ደሟን መርዞታል። የደም ሥር ግድግዳ ጡንቻ አለው፤ አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ሲደርሰው ተኮማትሮ የደም ግፊቱን ይይዛል። የእሷ ጡንቻ ግን ሆርሞኑ ለቀናት ሲጎርፍበት ሰንብቶ፣ መርዙም ተጨምሮበት፣ አሁን አይታዘዝም። አድሬናሊን በመርፌ ብንጨምርም እንጃ።» ጨመሩ። አልታዘዘም። ከዓስር ሶላት በፊት ሞተች።

ያን ማብራሪያ ሰረቅሁት። ለቅሶው ላይ ወንድሟ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እህቴን ምን ገደላት?» ሲለኝ ስለ ሆርሞንና ስለ ጡንቻ አስተማርኩት። «ደም ሥሮቿ እምቢ አሉ፤ የሰው እጅ የለበትም» አልኩት። አጠገቡ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ «ማሻአላህ፣ ሐኪም ናቸው እንዴ?» አለ። ወንድሟም ትከሻዬን ስሞ፣ «አላህ ይስጥልን፤ ሰው ልንጠረጥር ነበር» አለኝ። ከዚያ የሳይንስ ትምህርት ውስጥ ሐሰቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። የቀረው እውነት ያን አንዱን ተሸክሞ አሻገረልኝ።

አሁን፣ «የእኔም ልብ እንደዚያ ጡንቻ ደንቁሮ ነበር» እንድል ትጠብቅ ይሆናል። አልልም። ጡንቻው ታሞ ነው ያልታዘዘው። እኔ ምን ሆኜ? ጤነኛ ነበርኩ። ብርድ ብርድ ይለኛል ስትል ጥርት አድርጌ ሰማሁ፤ ሰምቼ በሁለት ቋንቋ ዋሸሁ።

ይቅርታ የሚጠየቀው ወንድሟ እንጂ አንተ አይደለህም። ልነግረው ጀሪፍ ሰፈር ቤቱ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ፣ «የእህቴ ባለውለታ» ብሎ ፉል አቀረበልኝ። ሁለቱንም ጊዜ በላሁ።