የእኔ እጅ ብቻ የነካት ሞተር ሳይክል

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅልኝ፤ ያቺን ሞተር ሳይክል የሠራኋት እኔ ነኝ። የሰጠኝ ሰው አልሠራትም። ባሌም አልሠራትም። አርሂባ ሰፈር አጠገብ ቶርኖ ቤት ያላቸው የመናዊ ሽማግሌም ሲሊንደሮቿን በማሽን ከማስፋት በቀር ሌላ ነገሯን አልነኩም። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ጅቡቲ የገባሁት አዳሪ ሠራተኛ ሆኜ ሰው ቤት ልሠራ ነው። አሠሪዬ ፈረንሳዊ ነበር፤ እሱን ሙሴ፣ ሚስቱን ማዳም እያልኩ ነው የኖርኩት። ሙሴ ጋራዡ ውስጥ አንድ ያረጀ ትልቅ የጃፓን ሞተር ሳይክል ነበረው፤ ለውድድር የተፈጠረ፣ አራት ሲሊንደር፣ ሺህ አንድ መቶ ሲሲ። ሞተሩ ውኃ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚቀዘቅዘው በራሱ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ከፊት ወዳለች ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል፣ ነፋስ ይመታዋል፣ ተመልሶ ይገባል። "በዚህ አገር ሙቀት ይሄ እንዴት ይሆናል?" ብዬ ብጠይቀው ሳቀና አጠገቡ አስቀመጠኝ። ከዚያ ወዲያ ልብስ ተኩሼ፣ ወለል ወልውዬ ስጨርስ መፍቻ አቀብለው ጀመር። መጀመሪያ ማቀበል ነበር፣ ቀጥሎ ቡሎን ማጥበቅ፣ ቀጥሎ ደግሞ "ይሄ እኮ ተበልቷል" ማለት። ማዳም አልወደደችውም። ድስት አርሮብኝ ያውቃል፣ አልዋሽም።

ሙሴ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ሞተሩ ተፈታቶ አራት ካርቶን ውስጥ ነበር። መርከብ ላይ ሊጭነው አልፈለገም። "ከፈለግሽ ያንቺ ነው" አለኝ፣ በቃ። እኔም ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ወደተከራየሁት ክፍል በጋሪ አስጫንኩት። አከራዬ ሶማሌ እናት ናቸው፤ ካርቶኖቹ ግቢያቸው ሲራገፉ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። "ወላሂ አብደሻል! ሰው ከሰው አገር ወርቅ ይዞ ይሄዳል፣ አንቺ ብረት?" አሉኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

በዚያው ሰሞን አገባሁ። ባሌ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደብ፣ ከወደብ አዲስ አበባ። በወር ሁለት ወይ ሦስት ቀን ነው እኔ ጋ የሚያርፈው። እሱ ሲመጣ ሞተር ሳይክሏን በሸራ እሸፍናታለሁ፤ ያለችኝን ሁለት ቀን ለብረት አላካፍልም። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ደግነቱ ሳይጠሩት ይመጣል።

ሥራዬን ወደ ተመላላሽነት ቀየርኩ። ጠዋት የሰው ቤት አጸዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙሉ ጫቱን ይዞ ጋደም ሲል እኔ ግቢያችን ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ሞተሬን እገጥማለሁ። የፒስተኖቹን ቀለበት፣ ፋሻ የሚሉትን፣ ቀየርኩ፣ ቫልቮቹን እያሸሁ ቀን ሙሉ ዋልኩ፣ ካርቡራተሮቹን አጠብኩ። የዘይት ራዲያተሯ ተቀዶ ስለነበር ከወደብ ከተጣለ ፎርክሊፍት ላይ የወጣ አግኝቼ መያዣውን ራሴ ከአልሙኒየም ቆርጬ አሰርኩት። ሦስት ጊዜ ገጠምኩ፣ ሦስት ጊዜ ዘይት አፈሰሰች። አንዴማ ተናድጄ መዶሻውን አጥር ላይ ወረወርኩትና የጎረቤት ዶሮ ልገድል ነበር። ግን እልኸኛ ነኝ፣ እናቴን ጠይቁ። በአራተኛው ተነሣች። ያን ድምፅ ስሰማ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መንዳቱን ፒኬ 12፣ የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት ሰፊ ሜዳ ላይ ተማርኩ። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ መንገድ ለቀቁ።

የአዲስ አበባው ባቡር ናጋድ ጣቢያ መግባት በጀመረበት ዓመት፣ እዚያው አካባቢ ገና ለመኪና ያልተከፈተ አዲስ አስፋልት ነበር። የከተማው የሞተር ወዳጆች በቀዝቃዛው ወራት ፈቃድ አውጥተው ዓርብ ጠዋት እዚያ ይሽቀዳደማሉ፤ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ቀጥ ያለ። ለእያንዳንዱ ሁለት ዙር ይሰጠዋል፣ የተሻለው ይያዝለታል። አሮጌ ሞተር በገዛ እጃቸው ለሠሩ ደግሞ የራሳቸው ምድብ አላቸው። እኔን የጠራኝ ያ ምድብ ነው። ዙሩ ሲያበቃ የነጂውና የሠሪው ስም አንድ ላይ ይነበባል፤ የእኔም እንዲነበብ ፈለግሁ። ሌላ ነገር አልፈለግሁም።

ሐሙስ ከሰዓት ለፍተሻ ወሰድኳት። ፈታሹ ወደብ ላይ በሜካኒክነት ሠርተው ጡረታ የወጡ የአፋር ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛውን ከሾፌሮቻችን ለምደውት አቀላጥፈው ይናገሩታል። ዞረው አዩ፣ ጎንበስ ብለው አዩ።

"ባልሽ ነው የሠራት?"

"እኔ ነኝ።"

"እሺ፣ ወንድምሽ ነው?"

"አባቴ፣ እኔ ነኝ አልኩ እኮ!"

ትክ ብለው አዩኝና ደንቡን ነገሩኝ። ከፍተሻው ጀምሮ ዙሩ እስኪያልቅ ከሠሪው እጅ በቀር ማንም ሞተሩን አይነካም። ቢበላሽ ራስሽ ትጠግኛለሽ፤ ሌላ ሰው ከነካው ውጤትሽ ይሰረዛል። "ሠሪው የሚታወቀው ሲበላሽበት ነው" አሉኝ። ተስማማሁ። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ሞተሬን ይዤ ቤት ገባሁ፤ ዓርብ ሲነጋጋ ባሌ ከመንገድ ደረሰ፤ ለእኔ ብሎ ሳይተኛ ነው የመጣው። ደንቡን ገና አልነገርኩትም ነበር፤ አለባበሴን ጨርሼ እነግረዋለሁ ብዬ። ገብቼ ጫማዬን አስሬ ስወጣ ሞተር ሳይክሏ አጠገብ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። "ታምራለች" አለኝ። እኔ ሞኟ ሞተሯን አስመስሎ እኔን ያለ መስሎኝ ተሽኮረመምኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

የመጀመሪያው ዙር ላይ ባንዲራው ወረደ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ፣ ነዳጅ ሰጠሁ። ሞተሩ ጮኸ። መጮህ ብቻ! ጎማው አይሰማውም፤ ጉልበቱ መሃል ላይ ይቀልጣል። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ጥሎኝ ሄደ። እንደ ጋሪ እየተጎተትኩ መጨረሻው ላይ ስደርስ ደሜ ፈልቶ ነበር። የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብለው ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ነው፤ ግን ለምን? ትናንት ድንጋይ የመሰለ ነበር።

ተመልሼ የዘይቱን ክዳን ከፍቼ ጣቴን ነከርኩ። ዘይቱ እንደ ማር ተስቦ መጣ። ይሄ የእኔ ዘይት አይደለም። ቀና ስል ባሌ መሬት መሬት ያያል።

"ምን አደረግህ?"

"ትንሽ መድኃኒት ጨመርኩላት።"

እግዚኦ! የመኪና ሾፌሮች ዳገት ከመውጣታቸው በፊት ሞተሩ እንዳይፋቅ የሚጨምሩት ወፍራም ማለስለሻ አለ፤ መድኃኒት ነው የሚሉት፣ ይምሉበታል። ለእነሱ መኪና ደግ ነው፤ የመኪና ፍሪሲዮን ከዘይት ተለይቶ ደረቅ ቦታ ነው ያለው። የእኔዋ ግን ፍሪሲዮኗ እዚያው የሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ያለሰለሰው ፒስተኑን ብቻ አይደለም፣ መያዝ ያለበትንም አለሰለሰው። ይሄን ሃያ ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው እንዴት ይወቅ? ያኔ ግን እንዲህ ረጋ ብዬ አላሰብኩም።

"እኔ ልፍታልሽ" አለና እጁን ዘረጋ።

"እንዳትነካ! አንድ ጣት ብታስጠጋ አላውቅህም!" አልኩት። ደንቡን በጥርሴ መሃል ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

የሁለተኛው ዙር ተራዬ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበረኝ። ፀሐዩ ጀርባዬ ላይ፣ አስፋልቱ ጉልበቴ ሥር። ዘይቱን እጄን እያቃጠለኝ አወረድኩ። የፍሪሲዮኑን ክዳን ፈታሁ፤ ጓርኒሲዮኑን፣ ከክዳኑ ሥር ያለውን ስስ ማሸጊያ፣ ስገጥም ግሪስ ቀብቼው ስለነበር ሳይቀደድ ለቀቀልኝ። ሸራ የሚባሉትን የፍሪሲዮን ክብ ሳህኖች አንድ በአንድ አውጥቼ በቤንዚን አጠብኩ፣ በመካከላቸው ያሉትን ብረቶች በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አደረግሁ፣ በተራቸው ደረደርኩ። ለመጠባበቂያ ከያዝኩት ዘይት ጥቂቱን አፍስሼ አስነሥቼ አወረድኩት፣ ከዚያ ንጹሑን ሞላሁ። ሰው ከበበኝ። አንዱ በፈረንሳይኛ፣ አንዱ በሶማልኛ ይመክረኛል። ሽማግሌው ፈታሽ "ዝም በሉ፣ ሴትዮዋ ሥራ ላይ ናት" አሏቸው።

ሁለተኛው ዙር ደረሰ። ፍሪሲዮኑን ስለቅ የኋላ ጎማው አስፋልቱን ነከሰ፤ አንገቴ ወደኋላ ተወረወረ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ማርሽ። ስለ ምንም አላሰብኩም፤ የዘይቱ ሽታና ነፋሱ ብቻ ነበር። ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ኋላዬ ቀርቶ ጥላውን እንኳ አላሳየኝም። ስመለስ ሽማግሌው ሰዓታቸውን ደጋግመው ያያሉ። በምድቡ ከእኔ የፈጠነ አልነበረም።

ብዕራቸውን አንሥተው "እህቴ፣ ለመሆኑ ችግሩ ምን ነበር?" አሉኝ።

"ዘይቱ ነው" አልኩ። ውሸት አይደለም። ሙሉ እውነትም አልነበረም።

ከኋላዬ "እኔ ነኝ" የሚል ድምፅ መጣ። ባሌ ቆቡን አውልቆ ቆሟል። "ጠዋት ደንቡን ሳላውቅ የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላወቀችም። በእሷ ስም ውሸት አይጻፍ።"

ሽማግሌው ብዕሩን አስቀመጡ። ሁለታችንንም አዩ። "ደንብ ደንብ ነው፣ እህቴ" አሉና ሰዓቴ ላይ መስመር አሰመሩ። ስሜ ሳይነበብ ቀረ።

ባሌን ወደ ጥግ ጎትቼ ወሰድኩት። "ጠዋት በእጅህ፣ አሁን ደግሞ በአፍህ! ምን አድርጌህ ነው?"

"እንዴት ዝም ልበል? ፈትተሽ ስትገጥሚያት በዓይኔ አየሁ እኮ፤ እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ውሸት ይጨመር?" አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "እስከ ዛሬ የመናዊው ሽማግሌ የሠራልሽ ነበር የሚመስለኝ። የቶርኖ ሰው ከዚህ ወደብ ከተማ ወጥቶ ዳገት አይቶ አያውቅም፣ ሞተር ማጠንከር የት ያውቃል ብዬ ነው መድኃኒቱን የጨመርኩት።"

ከተሰረዘው ሰዓት ይልቅ ይሄ ወጋኝ። ጓንቴን አውልቄ ሁለት እጄን ፊቱ ዘረጋሁ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፍሬ ሥር ያለው ጥቁረት የምን መስሎህ ነበር?"

እጄን አገላብጦ አየ።

"የድስት ጥላሸት" አለ።

ወደ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ተመለስኩና ሽማግሌውን ለሚቀጥለው ዓርብ ጻፉኝ አልኳቸው።